ለፊልም የተላከ ሽማግሌ

ሚኒያፖሊስ ደርሼ መጣሁ ስል የሰፈሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ብርዱንማ በምን ቃል ላስረዳ? ሲተነፍሱ የአፍንጫ ፀጉር ይደርቅና ይንኮሻኮሻል። ስለ ብርድ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የሄድኩት ለፊልም ነው፤ የተመለስኩት ግን ሽማግሌ ሆኜ ነው። በዕድሜ ማለቴ አይደለም፤ በዕድሜማ ሽማግሌ ከሆንኩ ቆይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳይኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሳሮን ሚኒሶታ ነው ያደገችው። ነርስ ናት፤ እረፍት ስታገኝ ደግሞ ፊልም ትሠራለች። ሦስት የድሮ የፈረንሳይ አጫጭር ታሪኮችን፣ ሦስቱም ስለ አፈቀሩ ሴቶች የተጻፉ፣ በአንድ ፊልም ውስጥ አከታትላ በአማርኛ ለመሥራት ተነሣች። ተዋናዮቹ እዚያው ያሉ የእኛ ሰዎች ናቸው። ታሪኮቹን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ለሰዎቹ የሐበሻ ስም ያወጣሁላቸውም እኔው ነኝ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል «አጎቴ፣ ምረቃው ላይ የግድ መምጣት አለብህ» ብላ ደወለችልኝ። አንተ ነው የምትለኝ፤ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ውቅያኖስ ሲሻገር ጠፍቶባታል።

እሑድ ማታ ከቦሌ ተነሥቼ፣ መንገድ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚኒያፖሊስ ገባሁ። እኔ ገባሁ፤ ሻንጣዬ ግን አልገባም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ለምረቃው ብዬ ያሰፋሁት ሙሉ ልብስ በየትኛው አገር እንደቀሩ የሚነግረኝ ጠፋ። ባዶ እጄን ስወጣ አንድ ረጅም፣ ሪዙ የሸበተ ሰው ወፍራም ካፖርት ዘርግቶ ቆሟል።

«ጋሼ ሙሉጌታ፣ መጀመሪያ ይልበሱ፤ ሰላምታው ይደርሳል» አለኝ።

ታደሰ ይባላል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የሳሮን ቤት አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነች ሳምንቱን ሙሉ ያስተናገደኝ እሱ ነው። በስደት ሱዳን ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው አሜሪካ የገባው፤ ሃምሳዎቹን እያገባደደ ትዳር የሚባል አልያዘም። ካፖርቱ የራሱ ነው፤ እኔ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ጫማውን ሲያውሰኝ ደግሞ ሁለት ካልሲ ደርቤም ውስጡ ስዋኝ ሰነበትኩ።

ቤቱ ስደርስ የገረመኝ ሙቀቱ ነው። እኛ ክረምት ሲሆን የሚበርደን ቤት ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደጅ ወጥተን እንሞቃለን። እዚያ ግን ደጁ በረዶ ተቆልሎ ታደሰ በካናቴራ ወዲያ ወዲህ ይላል። እራት ፓስታ ቀቅሎ በእንጀራ አቀረበልኝ፤ በርበሬውን ሳይሰስት ነው የጨመረው። ከሻንጣዬ ጋር የጠፋውን በርበሬ ረሳሁት።

ማክሰኞ ታደሰ ሥራ ሲገባ አብሬው አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ፤ ከተማ ማየቴ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው፣ ጥሩምባ ግን አይሰማም። እግረኛ አይታይም። መሐል ከተማ ሕንፃውን ከሕንፃ የሚያገናኝ የመስታወት ድልድይ ሠርተዋል፤ ሰዉ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ለካ። ከሁሉ የወደድኩት ግን ተሳፋሪው ሲወርድ ሹፌሩን ማመስገኑን ነው። እኛ ሹፌር የምናመሰግነው ገደል ሳይከተን ከቀረ ነው።

ሽንት ቤት የሚያስፈልግበት ሰዓት መጣ። ለመውረድ ገመድ እንደሚሳብ ማን ነግሮኝ? በሙሉ ድምፄ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ነጭ ባልቴት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ታደሰ ሳቁን አፍኖ አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ አቆመልኝ፤ ስመለስም እየጠበቀኝ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ሰላምታ ሰጡኝ። ቦሌ መንገድ ላይ ቢሆን ስድቡን አልችለውም ነበር።

ፊሊፕስ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። የሚሳፈርም የሚወርድም የለም። ታደሰ አንገቱን ወደ አንድ ቀይ ቤት አዙሮ፣ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠውን የበሶብላ ተክል አየና ጉዞውን ቀጠለ።

የፊልሙን ሦስተኛ ታሪክ እዚህ ላይ መንገር አለብኝ። በፈረንሳይኛው አንድ የመንደር ውል አዋዋይ በየማታው በአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መስኮት ሥር ያልፋል። «አበባዎ እንዴት ነው?» ይላታል፤ ሌላ አይናገርም። እሷ ደግሞ እሱ እስኪያልፍ ከመስኮቷ አትነሣም። ዓመታት ካለፉ በኋላ የመንደሩን ቄስና ሐኪም ልኮ ያስጠይቃታል። መልሷ «ዘገየህ» ነው። ሳሮን ውል አዋዋዩን የአውቶቡስ ሹፌር፣ ቄሱንና ሐኪሙን ሽማግሌ አድርጋቸዋለች። ሹፌሩን አቶ ይልማን የሚሠራው ታደሰ ነው። ሴቲቱን ወይዘሮ ብርቄን የምትሠራው ወይዘሮ ጽጌ የምትባል፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ የምትኖረው ከወንድሟ ጋር ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ ታደሰ ሹካውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

«አዎ፤ ሳሮን ነግራኛለች። ደህና እንደምትተውን ሰምቻለሁ።»

«ትወናውን አይደለም የምልዎት።»

ነገሩን ዘረዘረልኝ። ቀዩ ቤት የወይዘሮ ጽጌ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ካሜራ ፊት ሲያፈቅራት ከርሞ ከካሜራው ጀርባ አንዲት ቃል አልወጣውም። አሁን ደግሞ ምረቃው እንዳለቀ ዳላስ ልጇ ዘንድ ሙቭ ልታደርግ ነው።

«ታዲያ ሽማግሌ ላክ እንጂ!»

«ማንን ልላክ ጋሼ? እዚህ አገር ሽማግሌውም ሺፍት አለው።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። እምቢ ብላኝ ከምትሄድ ምንም ሳትለኝ ብትሄድ ይሻለኛል። ለማንም አይንገሩብኝ፤ ይማሉልኝ።»

ማልኩለት። ይህን ለአንባቢ የምነግረው እሱ ራሱ አሁን ስለፈቀደልኝ ነው።

ረቡዕ ታደሰ እኔን ሌክ ስትሪት አውርዶኝ ሥራው ሄደ። እዚያ ጣራ ያለው ትልቅ ገበያ አለ፤ የሜክሲኮው፣ የሶማሌው፣ የእኛው ሰው ጎን ለጎን ይሸጣል። አቶ ገመቹን የተዋወቅኩት እዚያ ነው። ቅመም ይሸጣል። የኢሉባቦር ሰው ነው፤ ሙስሊም ነው፤ የታደሰ ጎረቤት ነው። በፊልሙ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ እሱ ነው። ሌላው ሽማግሌ ሲያትል ተዛውሯል። ባለፈው ሲቀረጽ ደጅ በረዶ የሚጠርግ መኪና ሲያጓራ ድምፁ ተበላሽቶ ኖሮ የሽማግሌዎቹ ክፍል እንደገና መቀረጽ ነበረበት። በሄደው ምትክ የምቆመው እኔ ሆንኩ።

«አካም ጅርታ መምህር! የጦም ቀን ነው አይደል ለእናንተ? ይሄ ምስር ነው፤ ብላ» ብሎ ሳምቡሳ አቀረበልኝ። ሳምቡሳው እጅ ያስቆረጥማል። ሦስተኛውን ስበላ ጠጋ ብሎ «ታደሰ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«ደህና አይደለም። ያ የጽጌ ነገር።»

«የምን ነገር?» አልኩ፤ መሐላዬን አስቤ።

«ተው እንጂ መምህር! ሌክ ስትሪት ሙሉ ያውቃል። አፉን ዘግቶ ምስጢር ያዝኩ የሚለው እሱ ብቻ ነው።»

«እሷስ ታውቃለች?»

ገመቹ ትከሻውን ሰበቀና ለመጣ ደንበኛ ኮረሪማ ሊመዝን ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት ቀረጻው የወይዘሮ ጽጌ ቤት ነበር፤ ፊልሙ ውስጥም ያ ቤት ነው የሚታየው። ሻንጣዬ ስላልመጣ የታደሰን ጥቁር ኮት ለብሼ ሄድኩ። ወይዘሮ ጽጌ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ኮቱን ነው፤ ቀጥላ እኔን። ፊቷ የሚስቅ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። «ጋሼ፣ ብርዱ ጎዳዎት?» ብላ ገና ሳልቀመጥ ሾርባ አስጨበጠችኝ። ወንድሟ አቶ ዘውዴ ሻኮፒ ካለ መጋዘን ሺፍቱን ጨርሶ፣ የሚያብረቀርቀውን የሥራ ሰደርያ እንደለበሰ መጣ። በፊልሙም የሴቲቱ ወንድም ነው። ያን ቀን ሲስቅም ሲቆጣም አላየሁትም።

ሳሮን አሰለፈችን። በወጉ ሽማግሌ ሦስት ቢሆን ያምራል ብላት «ሳሎኗ ጠባብ ናት፣ ፍሬሙ ውስጥ ከሁለት በላይ አይገባም» አለች። ወይዘሮ ጽጌ ወጥ ቤት ሆና ከበሩ ጀርባ ትሰማለች፤ አትናገርም። ታደሰ ጥጉ ላይ መብራት ይይዛል፤ ጠያቂው ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ስለማይመጣ በትዕይንቱ ውስጥ የለም። የእኔ ንግግር አጭር ናት፤ ራሴ የጻፍኳት ናት። ደግሞ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ቆመን እንገባለን፣ ቆመን እንናገራለን፣ በፊልሙ ቆመን እንወጣለን።

«አክሽን!» አለች ሳሮን።

ገባን። አቶ ዘውዴ «ተቀመጡ» አለን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ፤ እስከዚህ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ልቤ ሞቀና ድምፄን ሞረድኩ።

«የመጣንበት ጉዳይ ከባድ ነው። እህትዎን ወይዘሮ ጽጌን ለልጃችን ለታደሰ እንዲሰጡን ልንለምን ነው።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ብርቄ የለችም፣ ይልማም የለም! ሁለቱንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም በላኋቸው። ጥጉ ላይ ያለው መብራት ቀስ እያለ ወደ ጣሪያው ዞረ። የማልኩለትን መሐላ ካሜራ ፊት አፈረስኩበት። ገመቹ ያርመኛል ብዬ ባየው ጭራሽ አንገቱን ቀና አድርጎ ቀጠለ።

«ጥሩ ሰው ነው። እኔ ጎረቤቱ ነኝ። በረዶ ሲጥል የራሱን ደጅ ጠርጎ የኔንም ይጠርጋል።»

ሳሮን ካት አላለችም። ለምን እንዳላለች እስከ ዛሬ ስጠይቃት መልሷ «ድምፁ ክሊን ነበር» ነው። አቶ ዘውዴ ወደ ወጥ ቤቱ በር አላየም። ሰደርያውን አስተካከለና ጽሑፉ ላይ ያለውን መልስ ቃል በቃል ተናገረ።

«ሰምተናል። ተማክረን መልስ እንሰጣለን። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ በሉ።»

«ካት!» አለች ሳሮን በመጨረሻ። «አጎቴ፣ ስሙን ሚክስ አድርገኸዋል። አንድ ጊዜ እንድገመው።»

ማንም አልሳቀም። ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ወደቀ። ደግመን ገባን፤ እኔም ብርቄንና ይልማን እንደ ቃለ መሐላ እየረገጥኩ ጠራሁ። አቶ ዘውዴ «ሰምተናል። ተማክረን መልስ እንሰጣለን» አለና እዚያው ላይ አቆመ።

«እሑድ የምትለዋ ቀረች» አለችው ሳሮን።

«እሑድማ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ» አለ አቶ ዘውዴ። «ይሄኛውን ሰኞ አድርጊው።»

ፊቱን አየሁት፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር የሚያሳይ ምንም የለበትም። በፊልሙ ውስጥ ሰኞ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ታደሰን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምንም አይደል ጋሼ፤ ፊልም ነው ብለው ያልፉታል» አለኝ፤ ድምፁ ግን አልተስማማበትም። አርብ ሻንጣዬ መጣ። ሙሉ ልብሴ በበርበሬ ታጥኖ ነበር፤ ታደሰ ወስዶ በላውንደሪ አሳጠበልኝ። ፓስታው ግን አረረበት፤ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያው ነው። በመስኮት በረዶውን እያየሁ አገሬ ጥር መሆኑን አሰብኩ፤ መንደሩ ሁሉ ድንኳን ተክሎ ሙሽራ የሚያጅብበት ወር ነው። እዚህ ግን አንድ ሰው ወደ ቀዩ ቤት ስልክ ለመደወል አቅም አጥቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። በጣም አዘንኩለት፤ በራሴም ተናደድኩ።

ቅዳሜ ሴንት ፖል በሚገኝ አንድ ትንሽ አዳራሽ ፊልሙ ታየ። እናቶች በነጠላ፣ ልጆች በፈንዲሻ ሞሉት። መጀመሪያው ታሪክ ላይ የፈረንሳዩ ወንዝ ሚሲሲፒ ሆኖ፣ ለዚያውም በረዶ ሆኖ፣ ፍቅረኞቹ በጀልባ ፋንታ በእግራቸው ሲሻገሩት አየን። ሁለተኛው ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ፊቱን አይታው የማታውቀውን ጎረቤት በግድግዳ በኩል በምትሰማው ሳሉና ሳቁ ትወደዋለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያ ሳያስበው አለቀሰ።

ሦስተኛው ሲጀምር ታደሰ «ፓርክ ያደረግኩትን ልይ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ስክሪኑ ላይ ወይዘሮ ጽጌ ከመስኮቷ ቆማ አውቶቡሱ ሲያልፍ ስታይ ትወናውን ረሳሁት። እንዲህ አድርጎ ማየት በልምምድ አይመጣም። ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲላኩ አንዲት እናት ከፊት ወንበር ብድግ ብለው «እሺ በይው እንጂ አንቺ!» ብለው ጮኹ። ልጃቸው በእንግሊዝኛ ቁጭ እንዲሉ ለመነቻቸው። «ዘገየህ» አለች ወይዘሮ ጽጌ ከስክሪኑ ላይ። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስመርጠው ኮርቼበት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስሰማው ግን አንጀቴን በላው።

ሲያልቅ ወይዘሮ ጽጌ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ አማርኛው እንዴት ያምራል። መጨረሻው ግን አልጣመኝም።»

«መጨረሻው እኮ የፈረንሳዊው ነው፤ እኔ አልጨመርኩም።»

«እሱማ ሞቷል» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ወንድሟ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ለገመቹ ደወልኩለት። የቅመም ሱቁን ዘግቶ፣ ክራባት አስሮ መጣ። ታደሰ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ አላንቀሳቅስም አለ።

«ጋሼ፣ ይተዉኝ። ፊልም ነበር እኮ፤ ቢስቁብንስ?»

«ቢስቁ የሚስቁት በእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ነገ አገሬ ገቢ ነኝ። ቀጠሮ የተሰጠው ሽማግሌ ሳይሄድ ቢቀር ግን ነውር ነው። ንዳ!»

ነዳ። ቀዩ ቤት በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀረ። በሩን የከፈተልን አቶ ዘውዴ ነው። ሰደርያው የለም፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ ቀርቧል፤ ሳህኖቹ ለሁለት ሰው ብዙ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን ተማሪ ፊት ቆሜ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ተቀመጡ» አለ አቶ ዘውዴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። እህትዎን ወይዘሮ ጽጌን ለልጃችን ለታደሰ እንዲሰጡን ለምነን ነበር። ለመልስ መጥተናል።»

አቶ ዘውዴ ከኋላችን ያለውን በር፣ ጥጉን፣ የገመቹን ባዶ እጅ ተራ በተራ አየ።

«ካሜራው የታለ?»

«ካሜራ የለም» አልኩት።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ወይዘሮ ጽጌ ወጣች።

«እንግዲያውስ ይቀመጡ። እሺ ብያለሁ።»

«ጽጌ! በወጉ እኮ መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ» አለ አቶ ዘውዴ።

«ሐሙስ ከበሩ ጀርባ ዝም ብያለሁ፤ ያ ይበቃኛል» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ለልጄ ዳላስ አልመጣም ብዬ የደወልኩላት ሐሙስ ማታ ነው። እናንተ ትቀራላችሁ ብዬ እንዴት ስሰጋ ሰነበትኩ!»

ተቀመጥን። ገመቹ ዱዓ አደረገ፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ አቶ ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ገመቹ «ይሄ የእናንተ እርድ ነው» ብሎ ዶሮውን ሲያልፈው አይብና ጎመን ለብቻው እንደተዘጋጀለት አየ። ወይዘሮ ጽጌ ግን አልተቀመጠችም። በመስኮቱ ወደ መኪናው አየች፤ ጭሱ ይወጣል፣ መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፍኗል።

«ሹፌራችሁ ራበው» አለች።

«እኔ ልጥራው?» ብል አቶ ዘውዴ ጣቱን አወዛወዘ፤ በወጉ ጠያቂው ዛሬ ቤት አይገባም።

«እሱ መግባት ካልቻለ እኔ መውጣት አልከለከልም» አለች። አንድ ሳህን ሞልታ፣ በሌላ ሳህን ከድና፣ ካፖርት እንኳ ሳትደርብ በረዶው ላይ ወጣች። የመኪናውን በር በክርኗ አንኳኳች። በሩ ተከፈተ፤ ገብታ ዘጋችው።

እኛ በልተን ጨረስን፤ ሻይም ጠጣን። ከብዙ ቆይታ በኋላ ብቻዋን ስትመለስ ሳህኑ እንደሞላ ነበር፤ «ስናወራ መብላቱን ረሳነው» ብላ እየሳቀች አጠገባችን ተቀመጠች።